ቀኗን አትንኩባት

አዲስ ካርቶን ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ብዙ ሰው ደስ ይለዋል። ላስቲኩ፣ ነጩ ስፖንጅ፣ ገና የሰው ጣት ያላረፈበት ፕላስቲክ። እኔ ግን ያ ሽታ ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬ ይጠነክራል፤ ሊሟገተኝ የመጣ ሰው በር ላይ የቆመ ይመስለኛል። ባለፈው ሰሞን በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ስብሰባ ላይም የሆነው ይኸው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን «አንድ የድሮ ሰው ይኑርበት» ብለው ከግዢ ኮሚቴው አላወጡኝም። ከአዲስ አበባ የመጣው ሻጭ፣ ክራቫቱን አጥብቆ ያሰረ፣ አነጋገሩ ትሑት የሆነ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ካርቶኖች አንዱን በቢላ ሰንጥቆ ሲከፍተው ሽታው ክፍሉን ሞላው። ቤተ መጻሕፍቱ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የሚያውሳቸው ታብሌቶች ናቸው፤ በየአንዳንዱ ውስጥ የትምህርት መጻሕፍት ተጭነዋል አለን። ኔትወርክ አያስፈልጋቸውም፤ መብራት ቢጠፋም እስከ ማታ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ከዚያ ኩራት ባለበት ድምፅ አንድ ነገር ጨመረ፦ «ደግሞ ሙሉ ለሙሉ የተቆለፉ ናቸው። ኮፒ አይደረጉም፣ ወደ ሌላ አይዛወሩም። ሌባ አይነካቸውም፣ እማማ።»

ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ፈርመዋል። ውሉና እስክሪብቶው ወደ እኔ ተገፋ። ያለ እኔ ፊርማ ግዢው አይጸድቅም። «እስኪ መጀመሪያ አንዷን ልያት» አልሁና አንድ ታብሌት አንስቼ ጭኔ ላይ አኖርሁ። እጄ መስታወቱ ላይ ነው፤ ልቤ ግን ከገበያው በላይ ወደ ነበረው ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ወደ ደሳለኝ ቤት ሄዷል።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ባጃጅ አታውቅም። ከጉና የሚወርደው ብርድ ዛሬም ያው ነው፤ ያን ጊዜ ግን የምንመክተው በሰልባጅ ሹራብ ነበር፤ በገበያ ቀን ክምሩ ተገልብጦ ተመርጦ፣ ስድስት ብር ተብሎ በአራት ብር የሚገዛ፣ ደረቱ ላይ ከሻጭም ከገዢም አንድ ሰው ያልገባው የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት። ሻይ በብርጭቆ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል። ቅቅል ድንች ከነልጣጩ በሚጥሚጣ እየነከሩ በላስቲክ ጫማ ጭቃ ለጭቃ መሄድ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ከደሳለኝ ቤት ፊት ባለው በረንዳ ላይ ተደርድረው መኪናቸውን ይረግጣሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ታይፓቸውን ያንኳኳሉ፤ ባላገሩ ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ የመሬቱን፣ የከብቱን፣ የወንድሙን በደል ይናገራል። ከመስቀለኛው ጥግ ደግሞ የጌጡ ሙዚቃ ቤት አለች። ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ሰቅሎ የሠርግ ሰሞን ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ ይለቅቀዋል፤ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን በዘፈኑ ምት ነበር የሚረግጡ፤ ዘፈኑ ፈጠን ያለ ቀን ሱሪውም ቶሎ ያልቃል ይባል ነበር። ዛሬ ያ ጥግ ባንክ ሆኗል። ሰው ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

እኔ ከአንበሳሜ ወዲያ ካለ የገበሬ አገር ነው የመጣሁ። ሳልጠየቅ ተዳርሁ፣ ሳልጠየቅ ተፈታሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት ዕድሜ ነው። ቀን ቀን የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እጠልፋለሁ፣ ማታ ማታ እማራለሁ። ጥልፍ ሰውን ክፉ ያደርጋል ይላሉ፤ አንዲት ክር ቦታዋን ከሳተች የሠራሁትን ሁሉ ተርትሬ ካልመለስሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ትምህርቱንም እንደዚያው ያዝሁት። ሒሳቡ፣ ታሪኩ፣ አማርኛው በንባብ ይገፋል። እንግሊዝኛው ግን ጆሮ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም። መምህራችን ራሳቸው ቃሉን ሰሌዳ ላይ ይጽፉና «ይህቺን በልባችሁ በሏት» ብለው ያልፋሉ። የዚያን ዓመት የመልቀቂያ ፈተና ደግሞ የመጨረሻዬ ነበር፤ የማታው ክፍል ተማሪ ስላነሰው በሚቀጥለው ዓመት እንደማይከፈት ተነግሮናል። እንግሊዝኛ ከወደቅሁ መምህራን ማሠልጠኛ አይቀበለኝም፤ ልድገም ብል የምደግምበት የለም። ጥልፌ ላይ መቅረቴ ነው።

ድምፅ ያለው የእንግሊዝኛ ትምህርት በሲዲ ባሕር ዳር ይሸጣል የሚባል ወሬ የሰማሁት በዚያ መካከል ነው። ሁለት የሙሽራ ቀሚስ ጠልፌ ገንዘቡን አገኘሁና ሄጄ ገዛሁት። ሣጥኑ ላይ የምታብረቀርቅ ማኅተም ነበረችበት፤ ኦሪጅናል ለመሆኑ ምልክት። የራሴ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በሕልሜም የለም። በከተማው ለማንም ክፍት የሆነ ኮምፒውተር ያለው ደሳለኝ ነው፤ ዱሮ ማመልከቻ በታይፕ ይጽፍ የነበረ፣ በዕድሜ ታላቄ፣ አያ ደሳለኝ የምለው። ያን ሰሞን አንዲት አዲስ ኮምፒውተር ከካርቶን አውጥቶ ጥግ ላይ አስቀምጧት ነበር፤ ያ ሽታ ገና አልለቀቃትም። የባለቤቱን የነጠላ ጥለት ልጠልፍለት፣ እሱ አመሻሽ ላይ አዲሷን ሊለቅልኝ ተስማማን።

ሲዲው ዝም ብሎ አይከፈትም። ስታስገባው አንድ ረጅም ቁጥር ያወጣል፤ ያንን ይዞ ቴሌ ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ከስልኳ ክፍል ገብቶ አዲስ አበባ ወደ ሲዲው ሠሪዎች መደወል ነው። እነሱ ደግሞ መክፈቻ ቁጥር ይነግሩሃል። ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ የሚያገለግለውም ለአንድ ዓመት ነው። ከውጭ የተሰለፈው ሰው በሩን እየደበደበ እኔ አንድ በአንድ እየደገምሁ ጻፍሁት። ተከፈተ። የአንዲት ሴት ድምፅ ነበር። ሴትዮዋ ቃሉን ትላለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች፤ እኔ እስክለው ትጠብቀኛለች። በሕይወቴ አፌን እስክከፍት ድረስ ዝም ብሎ የጠበቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ባላገር ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ ግድ አልነበረኝም።

አሁን የደሳለኝን ልማድ መናገር አለብኝ። ማመልከቻ ሲጻፍ ቀኑን ከላይ የምታወጣው ኮምፒውተሯ ራሷ ናት፤ ፍርድ ቤት ደግሞ የፈረንጅ ቀን የያዘ ወረቀት አይቀበልም። ስለዚህ ደሳለኝ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በእኛ ዘመን ነበር የሚሞላቸው። መስከረምን በእነሱ አንደኛ ወር፣ ጥቅምትን በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ። የእነሱ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ስለማይሞላ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሮቹ ከእሱ ጋር ይጣላሉ። ጳጉሜን ጭራሽ አያውቋትም፤ በጳጉሜ ጠዋት ጠዋት እየዞረ፣ አጥር የጣሰ ከብት እንደሚመልስ ሰው፣ ወደ ነሐሴ ሠላሳ ይመልሳቸዋል። ሰዓቱንም ከማለዳ ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። ከተማው ውስጥ የሚታየው ኮምፒውተር ሁሉ እንደዚያ ስለነበር ሌላ ዓይነት መኖሩ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። አዲሷ ከካርቶን እንደወጣች በፈረንጅ ቀን ነበር የምትሄድ። አንድ ጠዋት ሥራ በዛና ማመልከቻ ሊጽፍባት ፈልጎ እንደ እኅቶቿ ቀኗን አስተካከለላት።

ያን ዕለት አመሻሽ ሲዲዬን አስገባሁ። ሴትዮዋ የለችም። ቀይ መስኮት ወጣና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ ቃል በቃል ፈታሁት፦ የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ይህ ቅጂ ተዘግቷል ነው የሚለው።

«አያ ደሳለኝ፣ ቀኗን ነክተዋታል?» አልሁ።

«ምን እነካታለሁ?» አለ፤ ቅር ብሎት። «ልክ አደረግኋት እንጂ።»

ወደ ፈረንጅ ቀን መልሶ ሞከራት። ሲዲው አንዴ ቂም ይዟል፤ አልከፍትም አለ። ፋሲካ እየመጣ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ፈተናው ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ደወልሁ፤ አንዱ አንሥቶ ቀን የነካካ ሰው ሌላ ሲዲ መግዛት አለበት ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ወሬው ጌጡ ዘንድ ለመድረስ መንገድ መሻገር ብቻ ነው የቀረው፤ ተሻገረ። ጌጡ ያን ጊዜ ካሴቱን ወደ ሲዲ እየለወጠ ነበር። ዘፈን በምርጫ ይቀዳል፤ የፈለግኸውን ተናግረህ ማታ ትመጣለህ። ታናሼ ነው፤ ምላሱ ግን እንደ ሽማግሌ የሰላ ነበር። አንድ ነጭ ሲዲ በወረቀት ጠቅልሎ መጣና በደሳለኝ ደጅ ላይ ቆመ። የእኔው ትምህርት ነው። አንድ ባለሙያ ቁልፉን ሰብሮት፣ የትም ኮምፒውተር ላይ፣ በየትኛውም ቀን ይከፈታል። የክፍሌ ልጆች ለካ ከእሱ ገዝተው ኖሯል፤ እዚያው ደሳለኝ ዘንድ በሌላው ኮምፒውተር ዙሪያ ተኮልኩለው ከሴትዮዋ ጋር በአንድ ድምፅ እየጮሁ ነው። እኔ ማኅተም ያለው ሣጥኔን ታቅፌ ቀዩን መስኮት አያለሁ።

«እትዬ አንጓች» አለ ጌጡ፤ «እዚህ አገር የሰረቀ ያነብባል፣ የገዛ ያለቅሳል። እንኪ፣ ላንቺ በነፃ።»

አልተቀበልሁም። ቅድስናዬ አይደለም፤ ቤቴ ውስጥ ያሉት ካሴቶች ሁሉ ጌጡ የቀዳቸው ናቸው፣ ይህንንም እሱ ያውቃል። ነገር ግን በዚህኛው ከፍያለሁ። ሁለት ሙሽሮች እኔ በጠለፍሁት ቀሚስ ተድረዋል። ከፍዬ የገባሁበትን ቤት በጓሮ ዞሬ አልገባም አልሁት። ጌጡ ሳቀ፤ «በፊት ለፊት የገባሽበትንማ ቆለፉብሽ እኮ» አለ። እውነቱን ነው። በነጋታው ቀሚሴን ለብሼ፣ ሣጥኔንና ደረሰኜን በነጠላዬ ቋጥሬ የባሕር ዳርን አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

መንገዱ ያኔ ኮረት ነበር፤ ወረታ እስክንደርስ አቧራው ሁላችንንም አንድ ዓይነት ሰው አደረገን። አጠገቤ ዋንዛዬ ፍል ውኃ የሚሄዱ አዛውንት እናት ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው፣ ጀሪካናቸውን በእግራቸው መካከል አድርገው። «አንቺስ ልጄ፣ ምንሽን አሞሽ ነው?» አሉኝ። ሲዲዬ ተዘግቶብኝ ነው አልኋቸው። ነጠላዬን ገልጬ አሳየኋቸው። ገለበጡት፣ ፊታቸውን አዩበት፣ ነጠላቸውን አስተካከሉበት፣ መለሱልኝ። «ይህችማ ፀበል ነው የሚያሻት» አሉና እስከ ሐሙሲት አንቀላፉ።

እሳቸው ሲያንቀላፉ አጎቴን አሰብሁ። አጎቴ በአገራችን ደብር ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን ጽፈው ሲጨርሱ ከመጨረሻው ቅጠል ላይ ግዝት ያኖራሉ፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን የሚል። ልጅ ሆኜ የገለበጠውስ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ብርዓቸውን አንሥተው አዩኝ። «የገለበጠውማ በረከት አለው» አሉ። «ሰው መጽሐፍ ሊገለብጥ ከመጣ ጥራዙን ፈትተህ ታውሰዋለህ፤ እራቱንም ታበላዋለህ።» የሲዲው ሰዎች ነጋዴ ናቸው፤ እራት ያብሉኝ አላልሁም፤ ከሥራቸው መብላታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ውጉዞች አንደኛው ሌባ ነው፣ ሁለተኛው ፋቂ። እኔ አልሰረቅሁም። የገዛሁትን ትምህርት ከፊቴ የፋቀው ማን ነው? ይህንን እያብሰለሰልሁ ባሕር ዳር ገባሁ።

የሱቁ ሰውዬ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ናቸው፤ የሸጡልኝም እሳቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ አዲስ አበባ ደውለው፣ ስልኩን ዘግተው፣ ትክ ብለው አዩኝ።

«እህቴ፣ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ ቀኑን ወደ ኋላ መልሳችኋል። የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው።»

ዝምተኛ ሰው ነኝ፤ ድምፄ ከፍ ሲል ራሴንም ያስደነግጠኛል፤ ስለዚህ ዝቅ አድርጌ ጠየቅሁ። ስንት ዓመት መለስነው አልሁ። ሰባት ዓመት ከምናምን አሉ። ለአንድ ዓመት ለተገዛ ትምህርት ሰባት ዓመት ምን ያደርግልኛል አልሁ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ቀን መቁጠሪያ ዞረው አዩ። «ሚያዝያ ሚካኤል።» ዓመተ ምሕረቱንም ነገሩኝ። ደረሰኜን ዘርግቼ የጻፉትን ዓመት አሳየኋቸው። ያው ነው።

«እንግዲያው ኮምፒውተሯም ያለችው ይህንኑ ነው» አልሁ። «ያጭበረበርነው እርስዎ በጻፉት ቀን ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ልክ ነሽ፣ ግን ቁጥር የሚሰጡት የአዲስ አበባዎቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ እምቢ ብለዋል፣ ምን ላድርግልሽ አሉ። በሩ አጠገብ ወንበር ነበረች፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ተቀመጥሁባት፤ ጥልፌን አወጣሁ።

ጥቂት ቆይቶ ከሐሙሲት የመጣ መምህር ገባ፤ ያንኑ ሲዲ ነው የፈለገ። ደህና ነው ወይ ብሎ ሻጩን ሲጠይቅ ሣጥኑን እጄ ላይ አየና ወደ እኔ ዞረ። እኔም የማውቀውን ነገርሁት፤ ትምህርቱ ግሩም ነው፣ ሴትዮዋ ቃል አጣርታ ነው የምታስተምር፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ በአበሻ ቀን ከሆነ ይዘጋል፣ ከተዘጋም አይከፈትም፤ እኔ እዚህ የተቀመጥሁት ለዚያ ነው። መምህሩ ሲዲውን ወደ መደርደሪያው መለሰው። ከእሱ በኋላ ባልና ሚስት መጡ። ከዚያ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው መጣ። አንዱንም ጠርቼ አልተናገርሁም፤ ሲጠይቁኝ ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሲወጣ ሻጩ ብድግ አሉ።

«ልታከስሪኝ ነው የመጣሽ?»

«የለም» አልሁ፤ «እንግሊዝኛ ልማር ነው።»

ስልኩን አነሡ። በዚያ ጥሪ የተባለውን ሁሉ አልደግመውም፤ አንዳንዱ ቃል ለወረቀት አይሆንም። ነገር ግን ለአዲስ አበባው ሰው «አንተ ቤትህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የማን ቀን ነው?» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ እስክሪብቶ በጣታቸው ጠየቁኝ፤ አዲሱን መክፈቻ ቁጥር የደረሰኜ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። ከእንግዲህ ያቺ ኮምፒውተር ቀኗ እንዳይነካ፣ ሁለተኛ አይሰጡም አሉኝ። ስወጣ ወንበሯን ራሳቸው ወደ ጓዳ ሲያስገቧት አየሁ።

ሴትዮዋ ተመለሰች። ደሳለኝ በካርቶን ቁራጭ ላይ በትልቁ ጽፎ ከኮምፒውተሯ በላይ ለጠፈ፦ «ይህች ፈረንጅ ናት። ቀኗን አትንኩባት።» ከዚያ ወዲያ ስሟ ፈረንጇ ሆኖ ቀረ። ሰው ተሳስቶ ሲቀርባት «ተው፣ እሷ ከእኛ ዘመን አይደለችም» ይባላል። ይህም ሆኖ አንድ ሥራ የበዛበት ቀን ደሳለኝ ራሱ ረስቶ የአንድ የእብናት ገበሬ ማመልከቻ በእሷ ላይ ጻፈ፤ የበሬ ክርክር ነበር። ሰውዬው ከፍርድ ቤት ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። መዝገብ ቤቱ ቀኑን አይቶ ይህ ክስ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል፣ ያን ጊዜ ይምጡ ብሎ ቀልዶበታል። ገበሬው ደሳለኝ ፊት ቁጢጥ አለና በእርጋታ ጠየቀ፦ «አያ ደሳለኝ፣ በሬውስ እስከዚያ ይቆየኛል?» ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ሳቁ። ለዓመታት አንድ ነገር ሲዘገይ በዚያ በረንዳ ላይ የሚባለው ይኸው ሆነ፤ በሬው ይቆየኛል ወይ።

ፈተናውን ተፈተንሁ። እንግሊዝኛው ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ ዓረፍተ ነገሩን በሴትዮዋ ድምፅ ነበር የማነበው፤ ዝም የምትልበት ቦታ ሲደርስ መልሱን እጽፋለሁ። ሲ አገኘሁ። ኤ አይደለችም፤ ቢም አይደለች። ለማሠልጠኛው ግን በቃች፤ ከማሠልጠኛው ወደ ማስተማር፣ ከማስተማር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አደረሰችኝ። ጌጡ ውጤቴን ሲሰማ ድምፅ ማጉያውን ወደ እኔ ቤት አዙሮ አንድ ሙሉ የሠርግ ካሴት ለቀቀልኝ። ሠርጌ ላይ ያልጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ የዘፈኑልኝ፤ ያን ቀን ግን ዘፈኑን ወደድሁት።

በዚያው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ፈረንጇ ተቃጠለች። ሲዲዬን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ባስገባው ሌላ ቁጥር ጠየቀኝ። ዓመቱ ገና አልሞላም፤ ቴሌ ሄጄ ደወልሁ፤ ስልኩ አይሠራም። ባሕር ዳር ያለው ሱቅም ጫማ መሸጫ ሆኗል አሉኝ። ቁልፉን የያዘው ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ቁልፉንም ይዞ ሄደ፤ በሩ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጌጡ የቀዳቸው ነጫጭ ሲዲዎች ግን እስቴም እብናትም ደርሰው ስንቱን ልጅ እንዳስተማሩ ኋላ ሰምቻለሁ። የእኔዋ ኦሪጅናል ዛሬ ጎመን መደቤ ላይ በክር ተንጠልጥላ ወፍ ታባርራለች። ነፋስ ሲያዞራት ፀሐይ ታብረቀርቅባታለች። በዚህ ሥራዋ ላይ ቁጥር ጠይቃኝ አታውቅም።

«እማማ፣ ይፈርሙልን እንጂ» አለ ሻጩ። ቀና አልሁ። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ሰዓታቸውን ያያሉ። ጭኔ ላይ ያለችው ታብሌት አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ከፍታ ትጠብቀኛለች፤ የቅጠል ሥዕል፣ ጥሩ ቀለም። ልጆቹ ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ደስ እንዲላቸውም እፈልጋለሁ። ነገር ግን እነዚህ ታብሌቶች የሚሄዱት ኔትወርክ ወደሌለባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። እዚያ የሚጠብቃቸው ግድግዳ ላይ የትኛው ቀን መቁጠሪያ እንደተሰቀለ አውቃለሁ፤ አስተምሬበታለሁ።

ጣቴን ወደ ማስተካከያው ወሰድሁ። ቀን የሚለውን ከፈትሁ። ወሩን በእኛ፣ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ ሞላሁ፤ ከዚያ ወደ ሳይንስ መጽሐፉ ተመለስሁ። ቅጠሏ የለችም። መስኮቱ ነጭ ሆኖ አንዲት ቁልፍ ተሥላበት አገኘሁት፤ ከሥሯም ያው የድሮው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አለ። መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። በሴትዮዋ ድምፅ አነበብሁት።

ታብሌቷን በጠረጴዛው ላይ አንሸራትቼ ሻጩ ፊት አኖርኋት። አጎነበሰና አያት፤ ግንባሩ ተቋጠረ።

«እማማ፣ ምን ነካክተውባት ነው?»

«ምንም አልነካካሁባትም፤ ልክ አደረግኋት። በል አሁን ክፈትልኝ።»

ቀኑን መለሰው። አልተከፈተም። አጥፍቶ አበራት። አልተከፈተም። አዲስ አበባ ያሉትን መጠየቅ ይኖርብኛል፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው ምናልባት አያነሡም፣ እርስዎ እስከዚያ ይፈርሙና እናስተካክላለን አለ። ከኮሚቴው አንዱ የፈረመበትን ወረቀት ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበው።

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሜ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። ከዘንቢሌ ጥልፌን አወጣሁ፤ ወንበሬንም ወደ በሩ ጠጋ አደረግሁ።

«ግድ የለም ልጄ፣ ደውል» አልሁት። «እኔ መቀመጥ አውቃለሁ።»